ዋስትናው ከማን ይጀምራል?

«ጡረታና የሥራ አጥ ድጎማ የሀብታም አገር ነገር ነው፤ ድኻ አገር አይችለውም» የሚል አስተያየት በውጭ ባሉ ተማሪዎች ዘንድ ዘወትር ይሰማል። የሦስት አገሮች ታሪክ ግን ሌላ ያስተምረናል። (የነዚህ አገሮች ዘመናት በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።)

በጀርመን ቢስማርክ የሕመምን ዋስትና በ1883፣ የሥራ ላይ አደጋን በ1884፣ የእርጅናን በ1889 አስደነገገ። ይህን ያደረገው ለሠራተኛው አዝኖ ሳይሆን፣ ማኅበራቸውን በ1878 በሕግ ያገደባቸው ሶሻሊስቶች ሠራተኛውን እንዳይወስዱበት ሠግቶ ነው። ዋስትናውም ከደመወዝ ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ፣ ደመወዝ የሌለው ከደጅ ቀረ።

አሜሪካ የ1935ቱን የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ስታወጣ የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት አገልጋዮችን ከጡረታውም ከሥራ አጥ ዋስትናውም አስቀረች። በደቡብ ግዛቶች የነበሩት ጥቁር ሠራተኞች አብዛኞቹ በእነዚሁ ሥራዎች የሚኖሩ ነበሩ። የጡረታው በር ጥቂት የተከፈተላቸው ገና በ1950 ነው።

ስዊድን ግን በ1913፣ ገና ብዙ ሕዝቧ በእርሻ ይኖር በነበረበት ጊዜ፣ ጡረታን ለደመወዝተኛውም ለገበሬውም ደነገገች። ገንዘቡ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ሴቶችም ከወንዶች ያነሰ ይሰጣቸው ነበር። ቢሆንም መሠረቱ ሰፊ ነበርና ተከታዩ ትውልድ በዚያው ላይ ገነባ። በ1933 የሠራተኛውና የገበሬው ፓርቲዎች ሲስማሙም ሥራ አጡ ተገቢ ደመወዝ ያለው ሥራ፣ ገበሬው ደግሞ የምርት ዋጋ ድጋፍ አገኙ።

እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው የሀብት ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ሲጻፍ ማን እንደ ተቈጠረ ነው።

በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የጡረታ መብት ከመንግሥት ሠራተኛ አልፎ ለግል ድርጅት ሠራተኛ መድረሱ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ ገበሬው ከዚህ ሥርዓት ውጪ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም በሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግለውን ሴት ከወሰኑ ውጪ ትቷታል። መንገዳችን ወደ ስዊድን ሳይሆን ወደ 1935ቱ አሜሪካ ያዘነበለ ይመስላል።

ስለዚህ ስለ ማኅበራዊ ዋስትና የምታጠኑ ወገኖቻችን ሁሉ፣ «ስንት ይከፈላል?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ቀርቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥቂትም ቢሆን ከአራሹና ከቤት ሠራተኛዋ የሚጀምር ዋስትና ለሁሉ ይደርሳል፤ ከቢሮ የሚጀምር ግን ከቢሮ ለመውጣት ብዙ ዘመን ይፈጅበታል።