ደላላው ከእኛ ቀድሞ

ሰሞኑን ከተራዊሕ ሶላት በኋላ እዚህ ደምበጫ አንድ አባት ምክር ፈልገው ቀረቡን። የሽመና ሥራቸው ቀዝቅዟል፤ ዕዳም ተደራርቦባቸዋል። ደላላ የ16 ዓመት ልጃቸውን ወደ ዓረብ አገር ሊልክላቸው፣ «18 ሞልቷታል ብለው ምስክር ያቁሙ» ብሏቸዋል። «ኢስቲኻራ ሰግጄ ሕልም እየጠበቅሁ ነው፤ ሼኽ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉን።

ችግራቸውን ስለምናውቅ ለመቆጣት አፋችን አልተከፈተም። ነገር ግን ኢስቲኻራ ሁለት ረከዓ ሰግዶ፣ ከተፈቀዱ ነገሮች የሚሻለውን አላህ እንዲመርጥልን መለመኛ ነው። ሕልም ማየት ግዴታው አይደለም፤ ለሐሰት ምስክርነት ደግሞ ኢስቲኻራ የለም። ሠርቶ ለማደር ከአገር መውጣት ነውር አይደለም፤ ልጅን በሐሰት ዕድሜ መላክ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉብን ነው ልባችን የሚደናገረው።

ሶሐባዎች በ615 እ.ኤ.አ. መሰደድ የጀመሩት ወደዚሁ ወደ ሐበሻ ምድር ነበር። የቁረይሽ መልእክተኞች ሊያስመልሷቸው ተከትለዋቸው መጡ፤ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ምን እንደሚሉም በነጃሺ ፊት እንዲጠየቁ አደረጉ። እንግዶቹ ወደ ንጉሡ ከመግባታቸው በፊት ተሰብስበው ተመካከሩ፤ የመጣው ቢመጣ ነቢያቸው (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሯቸውን ብቻ ሊናገሩ ቆረጡ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብም እንዲሁ ተናገሩ። ንጉሡ እንደሚያስጠጓቸው አስቀድመው አያውቁም ነበር። ከበሩ ውጭ ስለ ቆረጡ ግን በዙፋኑ ፊት ቃላቸውን አልለወጡም።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንመካከረው ደላላው በራችን ላይ ቆሞ ነው። ያን ጊዜ የሚናገረው ዕዳችን እንጂ እኛ አይደለንም።

አባትየውን «ልጅቱስ ምን አለች?» አልናቸው። አልጠየቋትም ነበር። እኛም ከወቀሳው አናመልጥም፤ ባለዕዳ ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ የጎረቤታችንን ዕዳ ደላላው ከእኛ ቀድሞ አወቀው። በማግሥቱ የጀመዓው ሽማግሌዎች ጊዜ እንዲሰጧቸው አበዳሪያቸውን አነጋገሩ። ዕዳው ገና አልተከፈለም፤ ልጅቱ ግን ትምህርቷ ላይ ናት።

ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ከእነዚህ ምሽቶች በአንዱ ከኢፍጣር በኋላ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ «ቢቸግረንም እንኳ ይህ ቤት የማያደርገው ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ተነጋገሩ። የልጆቹንም ቃል ስሙ። የተቸገረ ጎረቤት ካላችሁም ዒድን ሳትጠብቁ በሩን አንኳኩ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን።