ለኤል አል ኃላፊዎች፦ የሥልጠናውን ሂሳብ ቀድማችሁ ክፈሉ

የተከበሩ የኤል አል አየር መንገድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለራሴ ሥራ ፍለጋ አይደለም። የእኔ ዕድሜ ከመብረር አልፏል፤ እንግሊዝኛዬም ከመቆጣጠሪያ ማማ ጋር የሚያነጋግር አይደለም። የምጽፈው በአሽዶድ ሮቫ ዩድ ቤት ሰፈር ስለሚያድጉ፣ አብራሪ መሆን እያማራቸው ማመልከቻውን ሳይሞሉ ስለሚተዉት ወጣቶች ነው።

ከእናንተ ኩባንያ ጋር ትውውቃችን የቆየ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 1983፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ወንበሮቹ የተነቀሉለት የኤል አል ቦይንግ 747 ከአዲስ አበባ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ወገኖቻችንን ይዞ ተነሣ። በጊነስ መዝገብ የሰፈረው ቁጥር 1,088 ነው፤ በአንድ አውሮፕላን ይህን ያህል ሰው ተጭኖ አያውቅም። የሰሎሞን ዘመቻ በተባለው በዚያ ጉዞ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጓዘ። ከአውሮፓውያን 1982 ጀምሮ በሰንበት የማይበር አየር መንገድ ነፍስ ለማዳን ሲል ሰንበትን ሻረ። እናቶቻችን ይህን ሲያወሩ ዛሬም ያለቅሳሉ። ግን ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል፤ በዚያ በረራ እናቷ አዝላት የመጣች ሕፃን ዛሬ የካፒቴን ዕድሜ ላይ ናት። ስለዚህ ስለ ውለታው ብቻ እየተጨዋወትን ሌላ ሠላሳ ዓመት እንዳይሄድ፣ ወደ ሥራው ጉዳይ ልግባ።

አንድ አመልካች ምን ይዞ ነው በራችሁ ላይ የሚቆመው? የንግድ በረራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በደመናና በጨለማ በመሣሪያ ብቻ ለማብረር የሚያበቃ ፈቃድም እንዲሁ፤ የአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራ፤ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መለኪያ ቢያንስ አራተኛ ደረጃ የሆነ እንግሊዝኛ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በመዝገቡ ላይ የተጻፈ የበረራ ሰዓት። ቀን ጠብቆ ካፒቴን ለመሆን የሚያበቃውን ከፍተኛ ፈቃድ ለማግኘት 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ከኋላ ሦስት መቶ ሰው ተቀምጦ ማንም ያልተፈተነ አብራሪ አይፈልግም።

ጥያቄዬ ሰዓቱን ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

በእስራኤል ወደ ኮክፒት የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው በሐጼሪም፣ በአየር ኃይሉ የበረራ ትምህርት ቤት በኩል ያልፋል። አየር ኃይሉ ወጣቱን ጻቭ ሪሾን ከሚባለው የመጀመሪያ የውትድርና ጥሪ ፈተና ጀምሮ ይመርጣል፣ ጊቡሽ በሚባለው የመስክ ምልመላ ያጣራል፣ ሦስት ዓመት ገደማ ያሠለጥናል፤ አብዛኛው በየመሃሉ ይወድቃል። ያለፈው ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያም እናንተ ዘንድ ይመጣል። አብዛኞቹ ካፒቴኖቻችሁ በዚህ መንገድ እንደመጡ ሀገር ያውቃል። መንገዱን አልነቅፍም፤ ምርጥ አብራሪ ያወጣል። ነገር ግን ይህ በር የሚያንኳኩትን ሁሉ እኩል ሲቀበል አልኖረም። እስከ 1995 ድረስ ለብዙ ዓመታት ሴት ልጅ ለመፈተን እንኳ አትችልም ነበር። አሊስ ሚለር የሲቪል የበረራ ፈቃድ በእጇ ይዛ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ ነው በሩን ያስከፈተችው። እሷ ራሷ ወደ ኮርሱ አልገባችም፤ በ2001 ግን ሮኒ ዙከርማን ተዋጊ ጄት አብራሪ ሆና ተመረቀች። ፈተናው ለሴቶች አልቀለለም፤ የተለወጠው ለፈተና የሚቀርበው ሰው ነው።

ሁለተኛው መንገድ የኪስ መንገድ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሞክራለች። ወታደርነቷን በአየር ኃይል በቴክኒሻንነት ጨርሳ፣ የሞተር ስም እንደ ዘመድ ስም እየጠራች ወደ ቤት ተመለሰች። አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ሄዳ ዋጋ ጠየቀች፤ የተሰጣት ወረቀት ላይ ያለው ድምር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሸቀል ነው። ባንኩ ዋስ አምጪ አላት። አባቷ በፋብሪካ ጉልበቱን የጨረሰ ሰው፣ የቤቱ ሞርጌጅ ገና ያላለቀ። የአሽዶድ ዕቁብ ሠርግ ይደግሳል፣ መኪና ይገዛል፣ ለለቅሶ ይደርሳል፤ ሁለት መቶ የበረራ ሰዓት ግን አይገዛም። ልጅቱ ዛሬ ሌላ ነገር እየተማረች ነው። ማንም አልከለከላትም፤ ክፉ ቃል የተናገራትም የለም። እናንተም ስሟን አታውቁትም፣ ምክንያቱም አላመለከተችም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ የወደቀ አመልካች በመዝገባችሁ ላይ ይቀመጣል፣ ያላመለከተ ግን የትም አይቆጠርም።

አሁን ወደ መጣንበት አገር ልውሰዳችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ሲቋቋም በአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ እጅ ነበር፤ በኤፕሪል 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ አብራሪዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ሀገሬውን ማሠልጠን ግን አልዘገየም። በ1960ዎቹ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፤ በ2015 ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። በ2012 በአፍሪካ መጀመሪያ የተቀበለው ድሪምላይነር 787 እናንተ በ2017 የተቀበላችሁት ዓይነት አውሮፕላን ነው።

እዚያ አንድ የገበሬ ልጅ እንዴት ያመለክታል? ማስታወቂያ ይወጣል፤ ምዝገባው ከአዲስ አበባ ውጭ በክልል ከተሞችም ይካሄዳል። ውጤቱ ይታያል፣ ቁመቱ ይለካል፣ ይፈተናል፣ ሐኪም ያየዋል። ያለፈውን ድርጅቱ በራሱ ወጪ ያሠለጥነዋል፤ ሠልጣኙ ደግሞ ለዓመታት ሊያገለግል ይፈርማል፤ ውሉን ጥሎ ከሄደ ይከፍላል። በግል ከፍለው የሚማሩም አሉ፤ የውሉ ዘመን ረዘመ የሚል ማጉረምረምም እዚያ አይጠፋም። ገነት ነው አላልኩም። ሆኖም ከእስራኤል በብዙ እጥፍ የደኸየ ሀገር፣ አብራሪ የሚሆን ልጅ አባቱ ሀብታም ስለመሆኑ ሳይጠይቅ መርጦ ሲያሠለጥን ስልሳ ዓመት አልፎታል። ከእኛ ሰፈር ዘመድ ጥየቃ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ አሮጊቶች በድምፅ ማጉያው የካፒቴኑን አማርኛ ሲሰሙ ይመርቁታል፤ ሲመለሱም ለልጅ ልጆቻቸው የሚነግሩት ስለ እሱ ነው። ልጆቹ ቀጥለው የሚጠይቁትን መገመት አያስቸግርም።

ኤል አል የግል ኩባንያ ነው፣ የበጎ አድራጎት ማኅበር አይደለም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ መንግሥት ከ2003 ጀምሮ ድርሻውን ሸጧል። ግን ልዩ አክሲዮኑን ዛሬም ይዟል፤ ከእስራኤል አየር መንገዶች የጥበቃ ወጪ ከመቶ 97.5 የሚሆነውን የሚሸፍነውም የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። በግብር ከፋዩ ውስጥ በሮቫ ዩድ ቤት ሌሊት ደረጃ የምትጠርግ ሴት አለች። በጋዛው ጦርነት የውጭ አየር መንገዶች ሲሸሹ እናንተ መብረራችሁ ያስመሰግናችኋል፤ በ2024 ያገኛችሁት 545 ሚሊዮን ዶላር የተጣራ ትርፍም የመጣው ሌላ ምርጫ ካጣን ተሳፋሪዎች ነው። ይህን ያህል ያተረፈ ኩባንያ ሃያ ወጣት ለማሠልጠን ገንዘብ የለኝም ሊል አይችልም። ደግሞም ስጦታ አልለምንም። ብድር ነው የምጠይቀው፣ ዋሱም የልጁ የወደፊት ደመወዝ ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁን ልናገር። አብራሪ ለማሠልጠን በር በከፈታችሁ ቁጥር ሂሳቡን ኩባንያው ቀድሞ ይክፈል፣ ሠልጣኙ በአገልግሎት ዓመታትና ከደመወዙ በሚቀነስ ይመልስ፤ ቢወድቅም ቤተሰቡ ቤት አልባ እንዳይሆን ኪሣራው በውሉ ይገደብ። የመጀመሪያው ማጣሪያ ያለ ክፍያና ያለ ስም ይሁን፤ ፕሮቴክሲያ፣ ማለትም በዘመድ መሥራት፣ የሚገባባት ቀዳዳ እንዳትኖር። ማስታወቂያው በአሽዶድ፣ በቂርያት ማላኺ፣ በኔታንያ፣ በገዴራ የማኅበረሰብ ማዕከላት (ማትናሶች) ይለጠፍ፤ በአማርኛም ይነገር። ይህን የምለው ለልጆቹ ብዬ አይደለም፤ እነሱ ዕብራይስጡን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ለመፍቀድ የሚፈሩት ወላጆች ግን መስማት ያለባቸው በሚገባቸው ቋንቋ ነው። በየዓመቱም ስንት ሰው አመለከተ፣ ስንቱ በየትኛው ደረጃ ወደቀ፣ ስንቱ በአየር ኃይል ስንቱ በሲቪል መንገድ መጣ የሚለውን በቁጥር አውጡ። ቁጥሩ ሲታይ እኛም የት ላይ መድከም እንዳለብን እናውቃለን፤ ልጆቻችን በሒሳብና በእንግሊዝኛ የሚወድቁ ከሆነ ጥፋቱ በእናንተ ላይ አይደለም፤ የምንጨቀጭቀው ትምህርት ሚኒስቴርንና ራሳችንን ይሆናል።

መስፈርቱን ዝቅ አድርጉልን አላልኩም። ማንም ወላጅ ልጁ በምሕረት ያለፈ አብራሪ ተብሎ እንዲጠራ አይፈልግም። ያው ፈተና፣ ያው ሲሙሌተር፣ ያው ሐኪም።

የደብዳቤው ግልባጭ ለትራንስፖርት ሚኒስቴርና ለአሽዶድ ከተማ ምክር ቤት ይደርሳል። እናንተ ግን መልሱን በወረቀት አትላኩልን። የሚመቻችሁን ማታ ምረጡና ወደ አሽዶድ ኑ፤ አዳራሹን እኛ እናዘጋጃለን፣ ወጣቶቹንም እንጠራለን። ስትመጡ ካፒቴን ብቻ አትላኩ፤ ውል የመፈረም ሥልጣን ያለው የሂሳብ ኃላፊም አብሮ ይምጣ።