በሦስት እግሯ የምታነክስ መኪና

በሰኔ ወር፣ በፈተናው ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ልጄን ትምህርት ቤት ለማድረስ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እየወረድን ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ አስፋልቱ ያብለጨልጫል። ቀዩ መብራት ጋ ስንቃረብ ፍሪሲዮን ረገጥሁ፤ ሞተሩ ሁለቴ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። ፍሬኑን ስረግጥ እግሬ ድንጋይ የመታ መሰለኝ። ባለ በሌለ ጉልበቴ ተጭኜ፣ የእጅ ፍሬኑንም ስቤ፣ ከፊታችን ከቆመው ሚኒባስ ጋር ልንላተም አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን። ልጄ ቦርሳዋን እንዳቀፈች፣ «አባዬ፣ ይህቺን መኪና ሽጣት» አለችኝ።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር ስለ ሌላ ጉዳይ ላጫውታችሁ አስቤ ነበር። ከዚያ ማለዳ በኋላ ግን ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልሁም። ምክንያቱም መኪናዋ ለወራት ስትነግረኝ ቆይታ ያልሰማኋት እኔ ነበርሁ።

መኪናዬ ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1995 ምርት። ወንድሜ ወደ ውጭ ሲሄድ ጥሎልኝ የሄዳት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳጥባትና ሳብሰለስላት የምታይ ባለቤቴ «ጣውንቴ» ትላታለች። ቶዮታ ሴሊካን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ እስከ 2006 ድረስ በሰባት ትውልድ ሠርቷታል። የእኔዋ ስድስተኛው ትውልድ ናት። መልኳ የስፖርት መኪና ይሁን እንጂ ልቧ የቤተሰብ ነው፤ ባለ 1.8 ሊትሩ ሞተሯ በዘመኑ ኮሮላዎች ላይም የተገጠመው ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር ሴሊካ ለሌላችሁም ይጠቅማል።

ነገሩ የጀመረው በማለዳ መንቀጥቀጥ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ መሪው በእጄ ላይ ይርገፈገፋል፤ ከማርሚታው የሚወጣው ድምፅ ወጥ መሆኑ ቀርቶ ልቡ እንደሚዘል ሰው ይቆራረጣል። መካኒኮች «በሦስት ፒስተን ነው የምትሠራው» ይላሉ። አራት እግር ያላት በሬ አንዱን እግሯን ስታነሣ ማለት ነው። ስትሮጥ አይታወቅባትም፤ ስትቆም ግን ታነክሳለች።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም መኪናዋ ቆማ እግራችን ቤንዚን ሳይሰጥ፣ በደቂቃ 750 ጊዜ ገደማ ይዞራል። እያንዳንዱ ፒስተን በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚተኩስ በደቂቃ 375 ጊዜ ይተኩሳል። አንዱ ዝም ካለ የተቀሩት ሦስቱ ሸክሙን ይጋራሉ፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ በሚዞርበት ሰዓት ግን ክፍተቱን የሚሸፍንለት ፍጥነት የለውም። ስለዚህ ሕመሙ በመጀመሪያ የሚታየው በሚኒሞ ነው።

መጀመሪያ የሄድሁበት ጋራዥ አራቱንም ካንዴላዎች ለወጠልኝ። ሁለት ሳምንት ደህና ሆነች። ከዚያ በኋላ ብሶባት ተመለሰች። ስመልሳት «ሞተሩ ያለቀለት ነው፤ ቴስታታው ይውረድ» አሉኝ፤ ዋጋውን ስሰማ ዝም ብዬ ወጣሁና ሦስት ወር እንዲሁ ነዳኋት። ጥፋቱ የጋራዡ ብቻ አይደለም ያልኋችሁ ለዚህ ነው።

ከቸርችሉ ማለዳ በኋላ ጎረቤታችን አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ዘንድ ወሰደን። ልጄም ተከተለችን። ጋሼ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት እንደ ሐኪም ይጠይቁኝ ጀመር። «የምታማት ቀዝቀዝ ስትል ነው ወይስ ስትሞቅ? ዝናብ ሲሆን ይብሳል? ፍሬን ስትረግጥ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል?» የመጨረሻውን ጥያቄ ልጄ ቀድማኝ መለሰች። «አዎ ጋሼ፣ አባዬ ፍሬን ሲረግጥ ከእግሩ አካባቢ ‹ሽሽሽ› የሚል ነገር ይሰማል፤ ሞተሩም ከፍ ዝቅ ይላል።» እኔ ሬዲዮ ከፍቼ ስለምነዳ ሰምቼው አላውቅም።

ጋሼ ሣቅ አሉና «እንግዲያው ሁለት በሽታ ነው ያለባት» አሉ።

የመጀመሪያውን ፍለጋ የጀመሩት ከርካሹ ነው። ሞተሩ እየሠራ የእያንዳንዱን ፒስተን ቤንዚን መርጫ ሶኬት በየተራ ነቀሉ። አንደኛውን ሲነቅሉ ሞተሩ ደከመ፤ ያ ፒስተን ይሠራ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛውም አራተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲነቅሉ ግን ምንም ለውጥ አልመጣም። የማይሠራውን ሠራተኛ ከሥራ ብታስወጡት ሥራው አይቀንስም፤ ሰነፉ ተገኘ። ድሮ የካንዴላ ገመድ በመንቀል ይሞክሩት ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ክፉኛ ይመታል፣ ቦቢናውንም ይጎዳልና ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ቀጥሎ ሦስተኛውን ካንዴላ ሲያወጡት ዘይት ያንጠባጥባል። እኔ «አለቀልኝ፣ ሞተሩ ዘይት ይበላል» ብዬ ደነገጥሁ። ጋሼ ካንዴላውን ለልጄ አሳዩዋት። «ዘይቱ የት ጋ እንደሆነ እይ። ጫፉ፣ እሳት የሚወጣበት፣ ደረቅ ነው። የረጠበው ከላይ ያለው ነጭ ገላው ነው።» ይህ ልዩነት ለእኔ የሞተር መውረድን ወጪ ያዳነ ልዩነት ነው። ጫፉ በዘይት ከራሰ ዘይቱ ከውስጥ፣ በፒስተን ቀለበት ወይም በቫልቭ በኩል መጥቷል፤ ያ ከባድ ነው። ውጩ ብቻ ከራሰ ግን ዘይቱ ከላይ ወደ ካንዴላው ጉድጓድ የፈሰሰ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ካንዴላዎቹ በቫልቭ ክዳኑ መካከል በሚያልፉ ጉድጓዶች ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በዙሪያቸው ያሉት የጎማ ቀለበቶች ሲያረጁና ሲደርቁ ዘይት ያሳልፋሉ። ዘይቱ የገመዱን ጎማ ኮፍያ ያለሰልሰዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ እሳቱም ወደ ካንዴላው ጫፍ መሄዱን ትቶ በአቋራጭ ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ ይዘላል። እርጥበት ሲጨመርበት ይብሳል። በማለዳና በዝናብ የምትነክሰው ለዚህ ነበር። የፊተኛው ጋራዥ ካንዴላ ሲለውጥ ጉድጓዱ ስለተጠረገ ሁለት ሳምንት አገገመች፤ ቀዳዳው ግን ስላልተደፈነ ተመለሰባት።

ስለ ካንዴላ ቀለም ይህን ያዙ። ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ የለበሰ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም እሳቱ ደክሟል። ነጭ ሆኖ የተለበለበ ከሆነ አየር በዝቷል ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ቴስታታ ከማስወረዳችሁ በፊት ደግሞ የኮምፕረሽን መለኪያ አስገብተው እንዲለኩላችሁ ጠይቁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ልኬቱ በመጽሐፉ ከተጻፈው ቢያንስ አትደንግጡ፤ አራቱን እርስ በርስ አወዳድሩ። የእኔዋ አራቱም ተቀራራቢ ሆኑ። አንዱ ብቻ ዝቅ ቢል ኖሮ ትንሽ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና መለካት ነው፤ ከፍ ካለ ቀለበቱ ነው፣ ካላለ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው።

ሁለተኛው በሽታ ያ ‹ሽሽሽታ› ነበር። ሞተር አየር ሲስብ በውስጡ የመምጠጥ ኃይል ይፈጥራል። ይህን ኃይል በአንድ ወፍራም ጎማ ቱቦ በኩል የሚጠቀምበት ከፍሬን ፔዳሉ ፊት ያለው ክብ ጣሳ መሰል ዕቃ፣ ሰርቮው፣ ነው። እግራችን ሲረግጥ የሚያግዘን እሱ ነው። ቱቦው ሲሰነጠቅ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ከመንገዱ ውጭ የሚገባው አየር የቤንዚኑን ሂሳብ ያዛባና ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይጠፋልም። ሁለተኛ፣ ፍሬኑ አጋዡን ያጣል። ጤነኛ ሰርቮ ሞተር ቢጠፋ እንኳ አንድ ሁለት ጊዜ ለመርገጥ የሚበቃ ኃይል ያስቀምጣል። የእኔው ቱቦ የተሰነጠቀው በሰርቮውና አየሩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ትንሽ ቫልቭ መካከል ስለነበር ያስቀመጠው ነገር አልነበረም። ጋሼ ቱቦውን በጨርቅ ጠቅልለው በፒንሳ ቆነጠጡት፤ ሞተሩ ወዲያው ተረጋጋ። እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። እንደ ቀላል መንቀጥቀጥ የናቅሁት ነገር የልጄን ፍሬን ሲበላ ከርሟል።

የጎማ ቀለበቶቹ፣ የካንዴላ ገመዶቹና ቱቦው ተለወጡ። ጠቅላላ ወጪው ሞተር ለማስወረድ ከተጠየቅሁት አንድ አሥረኛ እንኳ አልደረሰም። የኮሮላ ዕቃ ስለሚሆናት ፍለጋውም አላስቸገረን።

ጋሼ ልጄን ያስተማሯትን ፈተና እናንተም ዛሬውኑ ቤታችሁ በር ላይ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ማርሹ ወጥቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡ፤ ፔዳሉ ይጠነክራል። እግራችሁን እንደተጫናችሁ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ካልወረደ መኪናዋን አትንዷት፤ መካኒኩ ወደ እናንተ ይምጣ።

አንድ ፒስተን የሞተባትን መኪናም «እስከ ደመወዝ ትቆይ» አትበሏት። ያልነደደው ቤንዚን በማርሚታው ውስጥ ወዳለው ጭስ ማጣሪያ ገብቶ እዚያ ይቃጠላል፤ ማጣሪያው እስኪቀላ ሊግልና ሊበላሽ ይችላል። እሱ ደግሞ ከካንዴላ ገመድ እጅግ ይወደዳል። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። መካኒክ ዘንድ ስትሄዱ «ቱን አፕ ሥራልኝ» ከማለት ይልቅ መቼ፣ የት፣ በምን ሁኔታ እንደምትታመም ጽፋችሁ ሂዱ። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉና እዩት።

ሴሊካዋ አልተሸጠችም። አሁን እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ቡናው ሳይፈላ፣ ልጄ ቁልፉን ትቀበለኝና የፍሬኑን ፈተና ራሷ ትሠራለች። ባለቤቴ በመስኮት እያየች «ጣውንቴ ደህና አደረች?» ትላለች። ልጄም ከመኪናዋ ውስጥ «በአራት እግሯ ቆማለች፣ እማዬ!» ትላታለች። ሬዲዮውን ደግሞ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች፣ መክፈት ተከልክያለሁ።

መልካም ወር ይሁንላችሁ።