ቁጥሩን ከማመናችን በፊት

በዛሬው ዘመን የሳይንስ ተማሪ የሆነ ሁሉ አርዱይኖ ስለሚባለው የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ሳይሰማ አይቀርም። ይህ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣልያ አገር ኢቭሬያ በምትባል ከተማ ለተማሪዎች መማሪያ እንዲሆን የተሠራ ነው። ተማሪም በቦርዱ ላይ አስቀድሞ ከሚያገናኛቸው ዕቃዎች አንዱ ዲ ኤስ 18 ቢ 20 የተባለው የሙቀት መለኪያ ሴንሰር ነው። ስለዚህ የጥፍር ታህል ዕቃ ብዙ የሚባል ነገር ያለ አይመስልም፤ እኔ ግን ከሙቀቱ ቁጥር ይልቅ ቁጥሩን መመርመር የሚሰጠን ትምህርት ይበልጣል እላለሁ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል ያገራችን ተረት። በዛሬው ጊዜ ጥምጣሙ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ፕሮግራም ሆኗል። አንዳንዱ ተማሪ ሦስት ሽቦ ሰክቶ፥ ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም እንዳለ ገልብጦ፥ በላፕቶፑ ላይ 24 ነጥብ ምናምን የሚል ቁጥር ባየ ጊዜ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ቁጥሩ ከየት መጣ? ልክ ስለ መሆኑስ ምን ማረጋገጫ አለህ? ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። እንዲህ ያለው ተማሪ የሙቀትን ትርጉም በቃሉ ሸምድዶ ለፈተና ከሚያነበንበው በምን ይሻላል?

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ሴንሰሩ ሦስት እግሮች አሉት። ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ እኛ፥ እግሮቹን ወደ ታች አድርገን ስንይዘው፥ የግራው እግር ጂ ኤን ዲ ከሚለው የቦርዱ ቀዳዳ፥ የቀኙ ከ5 ቮልቱ፥ የመካከሉም መልእክት ከሚቀበለው ቀዳዳ ጋራ ይገናኛል። የግራውንና የቀኙን ያቀያየረ ሰው ሴንሰሩ ወዲያው ሲግል ያገኘዋል፤ ቶሎ ካልነቀለውም ሊያበላሸው ይችላል። ከዚህም ሌላ በመካከለኛው እግርና በ5 ቮልቱ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም የሆነ ሬዚስተር መግባት አለበት፤ ምልክቱ ቢጫ፥ ሐምራዊና ቀይ ቀለበት ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው፥ ያልዘነጋውም ምክንያቱን የማይጠይቀው ይህን ነው። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ቦርዱና ሴንሰሩ በአንዲት ሽቦ ሲነጋገሩ ሽቦዋን ወደ ዜሮ ቮልት ይስባሉ ወይም ይለቋታል እንጂ ወደ ላይ አያነሷትም። በለቀቋት ጊዜ ወደ 5 ቮልት የሚመልሳት ሬዚስተሩ ነው። እርሱ ከሌለ ንግግሩ ይቋረጣል።

ነገር ግን ሽቦው በትክክል ተገናኘ ማለት ቁጥሩ እውነት ነው ማለት አይደለም። ሴንሰሩ ኃይል እንዳገኘ፥ ገና ምንም ሳይለካ፥ በውስጡ የሚገኘው መነሻ ቁጥር 85 ነው። በሙሉ ጥራት ለመለካት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ ያን ያህል ያልታገሠ ፕሮግራም ክፍሉ 85 ዲግሪ ነው ብሎ ይነግረናል። ሽቦው የተነቀለ እንደ ሆነ ደግሞ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የዳላስ ላይብረሪ ከዜሮ በታች 127 ያሳያል፤ ሴንሰሩ ግን ከዜሮ በታች ከ55 አልፎ መለካት አይችልም። ደግሞም 24.0625 የሚል ቁጥር ስናይ አራቱ አኃዞች እንዳያታልሉን። ሠሪዎቹ ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 85 ዲግሪ ድረስ የሚዋሉት ዋስትና በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ብቻ ነውና።

አንድ ፈተና ላቅርብ። ውሃ እንዳይገባበት በብረት የተሸፈነውን ዓይነት ሴንሰር መምህር ባለበት በሚፈላ ውሃ ውስጥ ብናደርገው፥ አዲስ አበባ ላይ የምናየው ቁጥር 92 ገደማ ነው። መጽሐፋችን 100 ይላል። ሸምዳጁ ተማሪ ወይ ሴንሰሩን ይጥላል፥ ወይ ቁጥሩን ደብቆ በደብተሩ 100 ብሎ ይጽፋል። አስተዋዩ ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች መሆኗን፥ በከፍታ ላይ የአየር ግፊት እንደሚያንስና ውሃም ቀድሞ እንደሚፈላ ያስታውሳል። መጽሐፉም አልዋሸም፥ ሴንሰሩም አልተበላሸም። ይህን ያወቀ ተማሪ ከአንድ ዓመት ሽምደዳ የሚበልጥ ትምህርት አገኘ።

አንዳንዶች «የተዘጋጀ ቴርሞሜትር ከመድኃኒት ቤት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ለትኩሳት መለኪያ ያ ይበቃል። ነገር ግን ከመካከላችን ነገ ነርስ፥ መሐንዲስ ወይም የእርሻ ባለሙያ የሚሆን አለ። ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው፤ አንዳንዶቹም በረዶ ከሆኑ ከንቱ ይሆናሉ። ያልተመረመረ መለኪያ 3 ዲግሪ እያለ ማቀዝቀዣው ከዜሮ በታች ቢወርድ፥ እናት ልጄ ተከተበልኝ ብላ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ሕፃኑ ግን ጥበቃ የለውም። ቁጥርን የመመርመር ልማድ ደግሞ በሥራ ቀን በድንገት አይመጣም፤ ካሁኑ በትምህርት ቤት የሚለመድ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ሴንሰሩ ለእያንዳንዳችን ባይደርስ፥ አንዱ ለአምስት ተማሪ ይበቃል። ከሁሉ አስቀድሞ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ይፈተን፤ ከዜሮ ምን ያህል እንደ ራቀም ይጻፍ። ማርክም የሚሰጠው ቁጥር ላሳየ ሳይሆን ቁጥሩ ለምን እንደሚታመን ወይም እንደማይታመን ላስረዳ ይሁን። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ መሣሪያ የሚነግረንን ሁሉ አሜን ብለን የምንቀበል ሳንሆን፥ ጠይቀንና መርምረን የምንቀበል እንሁን።