ከመዋጮው እኩሌታ ለመልሶ ግንባታ ይቀመጥ

ሄሪኬን ሜሊሳ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ጃማይካን ሲመታ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ብላክ ሪቨር የተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ፈራረሰች። የአገሪቱ የእህል ጓዳ የሚባለው የሴንት ኤልዛቤት አውራጃ ማሳም ወደመ። የአውራጃው ገበሬዎች በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሄሪኬን ቤሪል ተጎድተው የነበሩ ናቸው። የዓለም ባንክና የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ የሜሊሳን ጉዳት 8.8 ቢሊዮን ዶላር ገምተውታል፤ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 41 በመቶ ያህል ማለት ነው።

ጃማይካ ለክፉ ቀን ሳትዘጋጅ የቀረች አገር አይደለችም። በዓለም ባንክ በኩል አዘጋጅታው የነበረው የ150 ሚሊዮን ዶላር የአደጋ ቦንድ ሙሉ ለሙሉ ተከፍሏታል። ሆኖም ገንዘቡ ከጉዳቱ ሁለት በመቶ አይሞላም። ብድሩም መዋጮውም ያስፈልጋታል።

ችግሩ የመዋጮው ወቅት ነው። በለቅሶ ቤት ድንኳኑ እስኪነሳ ሰው ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቀው የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው። ለአደጋ የሚሰጥ ገንዘብም እንዲሁ የፈረሰው ቤት በቴሌቪዥን በሚታይባቸው ሳምንታት ይጎርፋል፤ ዜናው ሲቀዘቅዝ ይነጥፋል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ፖርቶ ሪኮ አሳይታናለች። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ሄሪኬን ማሪያ ሲመታት በመንግሥት የተነገረው የሟቾች ቁጥር 64 ነበር። ከአደጋው በኋላ ያሉት ወራት ሲጠኑ ግን ቁጥሩ ወደ 2,975 ከፍ አለ። መብራት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ 11 ወር ገደማ ፈጅቷል። መድኃኒት ማቀዝቀዣ ለሚፈልግ፣ በመሣሪያ ለሚተነፍስ ሕመምተኛ ይህ ጊዜ ከነፋሱ የከፋ ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ አሰባሳቢዎች ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ሒሳብ ይክፈቱ እንላለን። ቢያንስ እኩሌታው ለጣሪያ፣ ለዘር፣ ለዓሣ አጥማጁ ጀልባና ለክሊኒኩ መብራት ይታሰር። የተራበ ሰው እያለ ገንዘብ ማስቀመጥ ጭካኔ ነው የሚል ይኖራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ለውኃና ለምግብ መንግሥታትና ትልልቅ ድርጅቶች ይሽቀዳደማሉ፤ በሁለተኛው ዓመት ለገበሬው ዘር የሚገዛ ሲፈለግ ይጠፋል።

መዋጮውም በጥሬ ገንዘብ ይሁን። ያልተጠየቀ ልብስ ወደብና መጋዘን ያጨናንቃል፤ ገንዘቡ እዚያው ሲመነዘር ግን የአካባቢው ነጋዴም ሱቁን መልሶ ይከፍታል። የተሰበሰበውና የወጣው ሒሳብም በየስድስት ወሩ ለሕዝብ ይገለጽ።

እኛም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለንም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተቀብሏቸዋል፤ ጃማይካውያንም ሻሸመኔ ላይ ከእኛ ጋር ኖረዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በዚያች ደሴት ምእመናን አሏት። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ማኅበሮቻችንና አብያተ ክርስቲያናት መዋጮ ሲጠሩ ይህን አሠራር ቢከተሉ ለሌሎችም አርአያ ይሆናሉ።

የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት በየዓመቱ ግንቦት 24 ይጀምራል፤ ጣሪያው በሸራ ተሸፍኖ የቆየ ቤት ይጠገን አይጠገን አይጠይቅም። ገንዘብ የሚሰበስብ ሁሉ የሰበሰበውን ሲያስታውቅ ለሁለተኛው ዓመት ያስቀመጠውንም አብሮ ያስታውቅ። ለጋሹም ይህን ሳይጠይቅ አይስጥ።