የጎንደር ኤርፖርት ለምን አልከሰረም? ኪሳራውንስ ማን ተሸከመው?

ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ላይ ያኔ የነበረው ወሬ አንድ ነበር፤ "ከእንግዲህማ ቱሪስቱ እንደ ጉድ ይጎርፋል።" ሦስት ወር ቆይቶ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ወር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገራት የሚያደርገውን በረራ አቆመ፤ ከውጭ የሚገባ ሰውም 14 ቀን ለይቶ ማቆያ እንዲገባ ታዘዘ። ለሁለት ሳምንት ጉብኝት የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ሳምንት ሆቴል ተዘግቶበት ሊያሳልፍ ነው ማለት ነው። ማን ይመጣል?

እዚህ ላይ ብዙ ያልተነገረ ነገር አለ። በዓለም ዙሪያ ትንንሽ ኤርፖርቶች ሊዘጉ ሲያጣጥሩ አዘዞ ያለው የአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በገንዘብ እጦት አልተዘጋም። ለምን? እስቲ ከገቢው እንጀምር።

ኤርፖርት በሁለት መንገድ ይተዳደራል። አንደኛው ከበረራ የሚገኝ ነው፦ አውሮፕላን ሲያርፍና ሲቆም የሚከፍለው፣ በየመንገደኛው ትኬት ላይ የሚታሰበው የአገልግሎት ክፍያ። ሁለተኛው የሱቅ፣ የካፌ፣ የማስታወቂያና የመኪና ማቆሚያ ኪራይ ነው። ሁለቱም የሚመጡት በሰው ቁጥር ነው። ወጪው ግን ሰው ቁጥር አያይም። 10 መንገደኛም ይምጣ 500፣ የእሳት አደጋ መኪናው መቆም አለበት፣ ፍተሻው ሰው ይፈልጋል፣ መንደርደሪያው መጠገን አለበት፣ መብራቱም ይቆጥራል። በዚህ ምክንያት በዓመት ከ1 ሚሊዮን በታች መንገደኛ የሚያስተናግዱ የዓለም ኤርፖርቶች አብዛኞቹ በደህናው ቀንም በራሳቸው ገቢ አይቆሙም።

በወረርሽኙ ጊዜ ደግሞ ገቢው ራሱ ጠፋ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ወደ 4.5 ቢሊዮን የተጠጋው መንገደኛ በ2020 ወደ 1.8 ቢሊዮን ወረደ። በአውሮፓ የኤርፖርቶች ማኅበር በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ 193 ኤርፖርቶች የመክሰር አደጋ እንደተጋረጠባቸው አስጠነቀቀ፤ አብዛኞቹ የክፍለ ሀገር ትንንሾች ነበሩ።

የጎንደር ጉዳይ የሚለየው በባለቤትነቱ ነው። በ2009 ዓ.ም. የኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር ተቀላቅሎ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ አካል ሆነ። ስለዚህ ጎንደር ብቻውን የሚከስርበት የራሱ ኪስ የለውም። ቦሌም፣ ጎንደርም፣ ጅማም የሚበሉት ከአንድ መሶብ ነው።

መሶቡም ቢሆን ሊራቆት ነበር። የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተወልደ ገብረማርያም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 መጀመሪያ ላይ ኪሳራው 550 ሚሊዮን ዶላር መድረሱን ተናግረው ነበር። ግሩፑን ያዳነው ጭነት ነው። ከ20 በላይ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበራቸው ተነስቶ ዕቃ ጫኑ፤ ጭንብሉና የሕክምና ዕቃው በቦሌ በኩል ወደ አፍሪካ ተሠራጨ። ከመንግሥት የነፍስ አድን ገንዘብ ሳይጠይቅም ወጣው። ስለዚህ በዚያ ዓመት የአዘዞን ተርሚናል መብራት ያቆየው የጎንደር መንገደኛ ሳይሆን የቦሌ ካርጎ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ኪሳራው የት ሄደ? ከኤርፖርቱ አጥር ውጭ።

አንድ ቱሪስት አዘዞ ላይ ሲወርድ ሰንሰለት ይዞ ይወርዳል። ከኤርፖርት የሚያመጣው ሾፌር፣ ፋሲል ግንብ የሚያስጎበኘው ልጅ፣ የሚያድርበት ሆቴል። ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደባርቅ ሲወጣ አስጎብኚ፣ ስካውት፣ አብሳይ፣ ባለ በቅሎ። እነዚህ ሰዎች አንድ መሶብ የላቸውም። በቅሎ ደግሞ ሥራ የለም ተብላ ገብስ መብላቷን አታቆምም። ኤርፖርቱ በግሩፑ ሲጠለል እነሱ ግን ሜዳ ላይ ቀሩ።

አንድ ነገር እንጨምር። አየር መንገዱ ከውጭ በራሱ በረራ ለመጣ መንገደኛ የአገር ውስጥ ትኬት በቅናሽ ይሸጣል። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም ያሉበት ታሪካዊ መስመር በዚህ ተጠቅሟል። ግን የአውሮፓና የአሜሪካ በረራ ሲታመም ጎንደርም አብራ ትታመማለች ማለት ነው።

ጊዜውም ክፉ ገጠመ። የሰሜን ተራሮች ወቅት ዝናቡ ሲያባራ ከመስከረም ጀምሮ ነው። የ2013 መስከረም ሲጠባ የጉዞ ገደቡ መላላት ጀምሮ ነበር። ያ ተስፋ ሁለት ወር አልዘለቀም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ተጀመረ፤ ኅዳር 4 ሌሊት ሮኬት የጎንደርን ኤርፖርት መታ። በ2013 ነሐሴ መጨረሻ ውጊያው ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደረሰ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ግጭት የተነሳ የጎንደር በረራ ለቀናት ተቋረጠ። ብዙ ሰው "ኮሮና ነው የገደለን" ሲል እንሰማለን። እኛ የምንለው ኮሮና ጣለን፣ ከወደቅንበት እንዳንነሳ ያደረገን ግን ሌላ ነው። ቫይረሱ ሲያልፍ የሌላው ዓለም መንገደኛ ተመልሷል።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በአንድ ካዝና መተዳደር ትልቅ ጥቅም እንዳለው ታይቷል። ጎንደር የራሷ ኤርፖርት ድርጅት ቢኖራት ኖሮ ያንን ዓመት መትረፏን እንጠራጠራለን። ዋጋውም ግን አለ። በቀን ስንት በረራ ይምጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ትኬቱ ስንት ይሁን የሚለው የሚወሰነው አዲስ አበባ ነው። ደባርቅ ያለው ባለ በቅሎ የሚኖረው በዚያ ውሳኔ ነው፤ ስብሰባው ላይ ግን ወንበር የለውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የየኤርፖርቱ ገቢና ወጪ ተለይቶ በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ። ጎንደር ስንት እንደምታስገባና ስንት እንደምትደጎም ሳይታወቅ "ይጨመርልን" ማለትም "አያዋጣም" ማለትም ባዶ ክርክር ነው። ሁለተኛ፣ ቱሪስት በሚመጣበት ዘመን ከሚገኘው ገቢ ጥቂቱ ለክፉ ቀን ይቀመጥ፤ ለአስጎብኚው፣ ለስካውቱ፣ ለባለ በቅሎው። ለተርሚናሉ የተዘረጋው ጥላ ተርሚናሉን ለሚያኖሩት ሰዎችም መዘርጋት አለበት።

ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ አይነግረንም። ጎንደርና ደባርቅ ያላችሁ፣ በዚህ ሥራ የምትተዳደሩ፣ እናንተ ያንን ዓመት በምን ተሻገራችሁት? ጻፉልን።