ቦይለሩ ከመብራቱ በፊት ይሞላ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ካርቱምን ጥለው የወጡ ብዙ ነዋሪዎች ከመጋቢት 2017 ወዲህ ወደየቤታቸው እየተመለሱ ነው። መብራት መጣ ብሎ ቦይለር ለማብራት መቸኮል ግን አደገኛ ነው። ባዶ ቦይለር ሲበራ የማሞቂያው ሽቦ ወዲያው ይቃጠላል፤ መጀመሪያ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ይሞላ። የወንዝ ውሃ ይዞት የሚመጣው ደለል በደንብ ሳይጣራ ከገባ ታንኩ ሥር ይረጋና ሽቦውን ይሸፍነዋል፤ ያኔ ውሃው ቶሎ አይሞቅም። ይህስ በማጠብ ይድናል። ሴፍቲ ቫልቩ ውሃው ሲሞቅ ጥቂት ቢንጠባጠብ ጤናማ ነው፤ እሱን መድፈን ቦይለሩን ሊያፈነዳው ይችላል። በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ውሃው ከነዘራችሁ ከዋናው ማብሪያ አጥፉት፤ ባለሙያ ሳያየው አትታጠቡበት፣ አሠሪም ቢያዛችሁ እምቢ በሉ።